በእናቴ ፎቶ ላይ የሚንከባለል ጥይት

አባቴ ጥይት የሚያንከባልሉት በእናቴ ፎቶ ላይ ነበር።

እንዲህ ብዬ ስጀምር አንባቢ ምን እንደሚያስብ አላጣሁትም። ነገሩ ግን ክፋት የለበትም። ወለሉ አፈር፣ መደቡ ጭቃ፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ያጠረ በሆነበት ቤት ውስጥ እንደተኛ ውሃ ልሙጥ የሆነ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የሟች እናቴ ፎቶ መስታወት። አባቴ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ያጋድሙትና ጥይቷን በመስታወቱ ላይ አስተኝተው በጣታቸው ገፋ ያደርጓታል። ቀጥ ያለች ከሆነች ጫፏ ንቅንቅ ሳይል ትንከባለላለች። አረሩ ዘመም ብሎ የተተከለ ከሆነ ግን ጫፏ እንደ ሰካራም አናት እየዞረ ትሄዳለች።

«በእማዬ ላይ ጥይት ያንከባልላሉ?» ብዬ አንድ ጊዜ ተቆጥቻቸው ነበር።

«እሷም ብትሆን ጠማማ ነገር አትወድም ነበር» አሉኝ።

ያን ጊዜ እኔ መሐል ሜዳ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ መምህርት ነበርኩ። እንጀራዬ ቶርኖ ነው፤ ብረት እያሽከረከሩ መቅረጽ። ችኩል ነኝ፤ ተናካሽም ቢጤ ነኝ፤ ጠማማ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሴንተር» ይሉኛል፤ ቀኑን ሙሉ «ሴንተር አልያዘም! ፍታና እንደገና እሰር!» ስል ስለምውል ነው። የሚሽከረከር ነገር መሐሉ ከመሐሉ ካልገጠመ ይወላገዳል፤ የሙያችን ሃይማኖት ይኸው ነው። ሰው ግን ቶርኖ ላይ አይታሰርም። ይህ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ዘመኑ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም በአገራችን ተኩስ ገና የሠርግ፣ የለቅሶና የበዓል ድምፅ ብቻ ነበር። ዛሬ ስለ ጥይት ማውራት ልብ እንደሚያስፈራ ስለማውቅ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

መንደራችን ከጓሳ ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። በየዓመቱ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ የሰበካችን ወንድ ሁሉ አፋፉ ላይ ይሰበሰባል። ማዶ፣ ሰውም ከብትም በማያልፍበት ራቁት ገደል ላይ፣ በዋዜማው በነጭ አፈር የሚቀባ አንድ ድንጋይ አለ። ያን የመታ ሰው በዕለቱ ከካህናቱ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ጠላው መጀመሪያ ለእሱ ይቀዳል፤ ዓመቱንም ሙሉ በሽምግልና ላይ ቃሉ ይሰማል። አባቴ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ከመምታታቸው ብዛት የድንጋዩ ስም «የደምሴ ድንጋይ» ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ሳቱ። በሚቀጥለውም ዓመት የልብ ወዳጃቸው ጋሽ ክፍሌ «ጠርዙን ነክቶታል!» ብለው ባይምሉላቸው ኖሮ ያው ነበር።

«ጥይቱ ነው» ይሉ ነበር አባቴ። እውነትም ምክንያት ነበራቸው። ለዚያ አሮጌ ምንሽራቸው የፋብሪካ ጥይት ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ተተኩሶ የወደቀውን ባዶ ቀለህ እየለቀሙ ቤታቸው ውስጥ መልሰው ይሞሉታል። የባሩዱን ነገር ለማንም አያሳዩም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። አረሩን በቀለሁ አንገት ላይ የሚተክሉት ግን መሐሉ በተቀደደ የወይራ ጉማጅ ነው። ቀዳዳው አረሩን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝላቸው ታስቦ የተሠራ ነበር። በዘመን ብዛት ግን ሰፍቷል፤ አረሩ ውስጡ ዘመም ይላል።

በዚያ ዓመት፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አባቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ከሳም ብለዋል። ገና አገላብጬ ስሜ ሳልጨርስ የወይራውን ጉማጅ እጄ ላይ አኖሩት።

«እይልኝ እስቲ። ቶርኖሽ የሚጠቅም ከሆነ ዛሬ ይጥቀመኝ።»

ቀዳዳውን ወደ ብርሃኑ አቅንቼ አየሁና «አባዬ፣ ይኼማ ጉድጓድ ሆኗል!» አልኩ።

«ብያለሁ! እኔ አላልኩም? ጥይቱ ነው ብያለሁ!» እንደ ተፈታ እስረኛ ፈነደቁ።

ገብተን ፎቶውን አጋደምን። አባቴ ካለፈው ዓመት የተረፉትን ጥይቶች አንድ በአንድ ያንከባልላሉ፤ የቀናውን በቀኝ፣ የጠመመውን በግራ ያኖራሉ። አንዴም አልተሳሳቱም። እኔ ግን እጃቸውን አየሁ። ጥይቷን በቀኝ እጃቸው ሲገፉ የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ጫፏ ላይ ለስለስ አድርገው ያሳርፉ ነበር። ዓይናቸው ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ በሩ ነበር።

ልቤ ጠረጠረ። ከግራው ክምር በጣም የጠመመችውን፣ ባሩድ የሌለባትን የመሞከሪያ ጥይት አነሳሁና ጣታቸው ሳይደርስ ራሴ ገፋኋት። ጫፏ እስክስታ እየወረደ ሄደ።

«ይህችስ፣ አባዬ?»

ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህችማ ቀጥ ያለች ናት። እንደ መቋሚያ» አሉ።

ቀና ሲሉ የበሩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አረፈ፤ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን ላይ በውሃ የቀጠነ ወተት የመሰለ ነገር አየሁ። ሞራ ነበር። እንዴት ሳላየው ቀረሁ? በየበዓሉ እመጣለሁ፣ እስማቸዋለሁ፣ እሄዳለሁ፤ ዓይናቸውን ግን አይቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ ዓይንዎን ለምን ሐኪም—»

«ዓይኔ ደህና ነው!» ጠረጴዛውን መቱት፤ ጥይቶቹ ተንከባለሉ። «ጠማማው ጥይቱ ነው! አንቺ ጥይቱን አቅኚልኝ። ጥይቱ ቀንቶ ከሳትኩ፣ ያን ጊዜ ስለ ዓይኔ ታወሪያለሽ!»

ለምን እንደተቆጡ አውቃለሁ። የአባታቸውን የዓይን ሞራ በመርፌ እንገፋለን የሚሉ ሰዎች ነክተውባቸው አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ጨለማ ውስጥ ኖረዋል። አባቴ የልጅነት ጊዜያቸውን እሳቸውን በዱላ ጫፍ እየመሩ ነው ያሳለፉት። ዓይን ከነኩት ይጠፋል የሚለው ነገር በእሳቸው ዘንድ ወሬ ሳይሆን ያሳደጋቸው እውነት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉማጁን፣ ያችን ጠማማ የመሞከሪያ ጥይትና አንድ ባዶ ቀለህ ከአረሩ ጋር ይዤ ወደ መሐል ሜዳ ስነሳ ጋሽ ክፍሌ በቅሏቸውን እየሳቡ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ትንሽ እንደሄድን ቆሙ።

«እታገኝ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ጥይቱን አታቅኚለት።»

«ምነው ጋሼ?»

«ባለፈው ዓመት ድንጋዩን ነክቶታል ብዬ የማልኩት በሐሰት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰውየው ከጥይቱ በቀር ምን ምክንያት አለው? እሱን ከወሰድሽበት ቤቱ ገብቶ ይተኛና አይነሳም። አውቀዋለሁ።»

«ዓይናቸው እንደጠፋ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አንቺ ቤት በሌለሽ ጊዜ ማን ያለው ይመስልሻል?» ብለው ወደ ገደሉ ዞሩ። «በክረምቱ፣ እዚያ ጋ፣ አንድ እግሩ አፋፉን አልፎ አየር ረግጦ አገኘሁት። የአስታ ቁጥቋጦ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ‹ጉሙ ነው› አለኝ። ጉም አልነበረም፣ ልጄ። ጠራራ ፀሐይ ነበር።»

እኔም ዞሬ ገደሉን አየሁት። በዚያ አፋፍ ላይ ነው አባቴ በየቀኑ ብቻቸውን የሚመላለሱት።

«እንግዲያውስ ጋሼ» አልኩ፣ «ይኼ ምክንያት አንድ ቀን ገደል ይከታቸዋል።»

«ምክንያት ሲያጣስ? እሱም ገደል ነው» አሉኝና በቅሏቸውን ጎተቱ።

ትምህርት ቤታችን ለበዓሉ ተዘግቶ ስለነበር መሐል ሜዳ አንድ የማውቀው ጋራዥ ቶርኖውን አከራየኝ። በወይራው ፋንታ ከናስ የተሠራ መያዣ ለመቅረጽ ነው ሐሳቤ፤ ከታች የቀለሁን ገላ፣ ከላይ አረሩን የሚይዝ፣ ሁለት ቀዳዳ በአንድ መስመር። መጀመሪያ የታችኛውን ቀደድኩ፤ ፈትቼ ገለበጥኩና የላይኛውን ቀደድኩ። ስለካው ሁለቱ ቀዳዳዎች አይተያዩም። ተማሪ ቢሠራው ኖሮ ጆሮውን የምይዝበት ስህተት ነው፤ ሁለት ቀዳዳ አንድ መሐል እንዲኖራቸው ከተፈለገ አንዴ ካሰሩ በኋላ ሳይፈቱ መቅደድ ነው እንጂ! ሐሳቤ አፋፉ ላይ ነበር። ጣልኩትና ሌላ ናስ አሰርኩ።

ሁለተኛው ሲያልቅ ከጠማማዋ ጥይት ጋር የሚመሳሰል ሌላ ባዶ ቀለህ አስገብቼ አረር ተከልኩበት። ጋራዡ ውስጥ ተጋድሞ ባገኘሁት የመስኮት መስታወት ላይ አንከባለልኩት። ጫፉ ዝም አለ። ንቅንቅ አላለም።

በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ብቻዬን ነው የምስቀው። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ቆሜ የጋሽ ክፍሌን ቃል አሰብኩ። የላይኛውን ቀዳዳ ለአንዲት ጸጉር ያህል ባሰፋው ማንም አያውቅም። አረሩ ትንሽ ዘመም ይላል፤ አባቴ «ጥይቱ ነው» እያሉ ይኖራሉ፤ እኔም «ሞክሬ ነበር» እላለሁ። ሞረዱን አንስቼ ቀዳዳው አፍ ላይ አደረስኩት። እጄ እሺ አላለኝም። መልካምነት አይደለም፤ እውነቱን ልናገር፣ ጠማማ ነገር አውቄ ሠርቼ ስለማላውቅ ብቻ ነው። ሞረዱን ወርውሬ መያዣውን በጨርቅ ጠቀለልኩ።

ቅዳሜ አባቴ አዲሱን መያዣ በእጃቸው እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን በቀዳዳው አፍ አዞሩ። ከዚያ ራሳቸው ጥይት ሠርተው በፎቶው መስታወት ላይ አስተኙና፣ እንደ ልማዳቸው ሌባ ጣታቸውን ጫፏ ላይ አሳርፈው ገፏት። ደገሟት። ሠለሷት።

«አትነቃነቅም» አሉ በዝግታ።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። ቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው ምንሽሩን አነሱ።

«ክፍሌን ጥሪው። ነገ ሕዝብ ፊት ከመቆሜ በፊት እሞክራታለሁ።»

ሦስታችን አፋፉ ላይ ቆምን። ድንጋዩ በጠዋት ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፤ እኔ ራሴ ከወዲህ ሆኜ በደንብ አየዋለሁ። አባቴ ተኝተው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። እንዴት ያምር ነበር አያያዛቸው! ቃታውን ሳቡ። ከድንጋዩ ራቅ ብሎ ቀይ አቧራ ቦነነ። እንደገና ተኮሱ። አሁንም ሌላ ቦታ።

ጋሽ ክፍሌ አፋቸውን ከፈቱ። «ደምሴ፣ ይህችኛዋ እኮ ነካ—»

«ክፍሌ፣ ተው።»

አባቴ ተነሱና መሣሪያውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንቺ ተኩሺ።»

በቤታችን ሴት ልጅ ምንሽር ትወለውላለች እንጂ አትተኩስም። «አባዬ፣ እኔ እኮ አልችልም!»

«አስተምርሻለሁ። ተኚ። ጉንጭሽን አስጠጊ። ማነጣጠሪያውን ከድንጋዩ ወገብ ላይ አኑሪው። ትንፋሽሽን አውጪ... አዎ። አሁን ቃታውን አትሳቢ፤ ጨመቅ አድርጊው፤ ራሱ ይሂድ።»

ድምፃቸው አረጋጋኝ። ጨመቅኩት። ትከሻዬን መታኝ። ማዶ፣ ከድንጋዩ መሐል ነጭ አቧራ ቦግ አለ።

ጋሽ ክፍሌ ዝም። እኔም ዝም። አባቴ ወደ ማዶ እያዩ ቆመዋል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ። «ሳተች?»

ያን ያህል ነጭ አቧራ አላዩም። አሁን እንኳ መዋሸት እችል ነበር፤ ጋሽ ክፍሌም በዓይናቸው ይለምኑኝ ነበር።

«መታች፣ አባዬ» አልኩ። «መሐሉን።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምንሽሩን ከእኔ ተቀብለው ባዶ መሆኑን በጣታቸው ካረጋገጡ በኋላ ጭናቸው ላይ አጋደሙት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ቆየ። ድንጋዩን አላየውም፤ ያለበትን አውቃለሁ እንጂ። አፈሙዙን በልማድ ነው የምወስደው።»

«እያወቁ ታዲያ ጥይቱን አቅኚልኝ ለምን አሉኝ?»

ሰደፉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እንዲህ አሉ፦ «ጥይቱ ጠማማ እስከሆነ ድረስ ምናልባት የምትባል ነገር አለች። ስስት፣ ምናልባት ጥይቱ ነው። አፋፉ ላይ ስደናበር፣ ምናልባት ጉሙ ነው። ምናልባት ደከመኝ፣ ልጄ። ክፍሌ ይወደኛል፤ ስለዚህ ይዋሽልኛል። አንቺ ግን ብትወጂኝም ሥራ አታበላሺም። ለዚህ ነው።»

አለቀስኩ። በጋራዡ ውስጥ ሞረዱ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ እንደነበር እሳቸው አያውቁም። ጋሽ ክፍሌም ፊታቸውን አዙረው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ፈራሁ እንጂ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም» አሉ አባቴ። «የአባቴን ዱላ ይዤ ነው ያደግሁት።»

«ያኔ መርፌ ነበር። አሁን ሐኪም ነው። አብሬዎት ነኝ፤ እጅዎን ይዤ።»

«ዱላ እንዳታስይዢኝ ብቻ» አሉኝ።

እሁድ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀውም። ሰዉ አፋፉ ላይ እንደተሰበሰበ ነገሩ ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር፤ አንዱ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ ጥይቱን ይረግማል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በጥይት ያማርራሉ። የአባቴ ተራ ሲደርስ ምንሽሩን ሳያነሱ ቆሙ።

«እኔ ዘንድሮ አልተኩስም» አሉ። «ጥይቴ የቀና ነው፤ ልጄ አቅንታዋለች። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ደብረ ብርሃን ሄጄ እታከማለሁ።»

ካህኑ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉና ጨዋታው ቀጠለ። ጠላ ሲቀዳ ግን አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ እኔም እንዲያው ለወሬ ያህል ነው... መኪናው ላይ ቦታ ይኖራል?» ትንሽ ቆይተው ሌላው መጡ። ለካ በዚያ አፋፍ ላይ ጠማማ ጥይት የበዛው በከንቱ አልነበረም!

ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ አባቴንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፤ ጋሽ ክፍሌ አራተኛ ሆነው «ለሸኚነት» መጡ። መንገዱን ሙሉ ማን ማንን እየመራ እንደሚገባ ሲቀላለዱ ሄዱ። አባቴ ብቻ እጄን እንደያዙ ዝም ብለዋል። የሕክምናው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ጥብቅ አድርገው ጨበጡኝና ለቀቁኝ፤ ገቡ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ዓይናቸው ቢጠፋ የወሰድኩባቸው ምክንያት ብቻ አይሆንም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ ጥይት ላስተምርህ አይደለም። ከዚያ በፊት ሰው ሲያመካኝ ስሰማ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ «ሴንተር አልያዝክም» ብዬ እጮህ ነበር። አሁን ግን ምክንያት የሚደረድር ሰው ሳይ ከኋላው ምን እንደሚፈራ ነው የማስበው። ጋሽ ክፍሌ ስለወደዷቸው ዋሹ፤ እኔም ስለወደድኳቸው ላበላሽ ነበር። የሰውን ምክንያት መንጠቅ ለማንም አይከብድም። ከነጠቁ በኋላ እጁን ይዞ ሚኒባስ ላይ አብሮ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ለማድረግ ዝግጁ ያልሆነ ሰው ጠማማውን ባያቀናው ይሻላል። በቤትህ «ጉሙ ነው» የሚልህ ሰው ካለ፣ ውጣና ሰማዩን እይ። ከዚያም የሰውየውን ዓይን እይ።

የዓይናቸው ሽፋን ተነሥቶ ቤት በገባን ማግስት አባቴ ጠዋት ፎቶውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ያችን ጠማማ የመሞከሪያ ጥይት ከኪሴ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ጣታቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ገፏት፤ በዓይናቸው ተከተሏት። ጫፏ ያን እስክስታውን ወረደ።

«አይ አንቺ!» ብለው ሳቁ። «ይህችን ነው እንደ መቋሚያ ያልኩሽ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥይቷ ተንከባልላ ከመስታወቱ ጠርዝ ስትወድቅ አባቴ ግን አላነሷትም። እንዳጎነበሱ ቀሩ። ሳቃቸው ቆመ።

«እታገኝ» አሉ። «እናትሽ እዚህ ላይ እየሳቀች ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አባዬ። ሁልጊዜም እየሳቀች ነበር።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት፤ የጣታቸው አሻራ፣ የጥይቶቹ ጭረት ያለበትን ሁሉ። ከዚያ ፎቶውን በሁለት እጃቸው አንስተው ምስማሩን ሳይዳስሱ ቦታው ላይ ሰቀሉት።

«ጥይት ማንከባለያ» አሉኝ ዞር ሳይሉ፣ «ሌላ መስታወት አምጪልኝ።»